ይርዳው የመረጠው ስፒከር

አንድ ይርዳው የሚባል የታክሲ ሹፌር ነበር። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ የሰው ሚኒባስ እየነዳ ሚስቱንና ልጆቹን ያስተዳድራል። የመኪናዋ ባለቤት እትዬ የሺመቤት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያቺን ሚኒባስ እንደ ልጃቸው የሚሳሱላት፣ ነገር የማያመልጣቸው ቆፍጣና ሴት ናቸው።

በዚያ ከተማ ደግሞ ታክሲ የሚመረጠው በሙዚቃው ነበር። ጉድ እኮ ነው! ወጣቱ ፌርማታ ላይ ቆሞ ባዶ ታክሲ ያሳልፍና ቤዙ አስፋልት የሚያንቀጠቅጠውን ይጠብቃል። ተጣቦና አንገቱን ሰብሮ ይሄዳል እንጂ ሙዚቃ የሌለው ታክሲ ውስጥ አይገባም። የይርዳው ታክሲ ያላት አንድ አሮጌ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፁ የታፈነ።

አንድ ቀን እትዬ የሺመቤት አስጠሩት።

«ይርዳው፣ አንተን ጠልቼ አይደለም» አሉት። «ግን መኪናዬ ባዶዋን ስትመላለስ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ይኸው ብር፤ ሂድና እንደ ጓደኞችህ ደህና ስፒከርና አምፕሊፋየር አስገጥም። ከዚያም በኋላ ሰው ካልገባ ቁልፉን ለሌላ ሹፌር እሰጣለሁ። እንዳትቀየመኝ።»

ይርዳው ከዚያች ታክሲ ሌላ እንጀራ የለውም። ጓደኞቹ ግን ምክር አላነሳቸውም፤ «ምን ያስጨንቅሃል? ትልቁን ግዛ! እኛ ሁላችን እንደዚያ አይደል ያደረግነው?» አሉት።

ወደ ሙክታር ሱቅ ሄደ። ሙክታር የመኪና ሙዚቃ የሚገጥም ሰው ነው፤ ስፒከሩን ከመኪናው ጋር እያገናኘ ደንበኛውን ያስሞክራል። ሌላው ሹፌር ሁሉ መሪው ጋ ይቀመጥና ድምፁን እስከ ጥግ ያስከፍታል፤ ደረቱን ሲመታው «ይሄ ነው!» ብሎ ይገዛል። ይርዳው ግን ከሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ ያገኛቸውን አንድ አዛውንት ሰላም ብሎ ለመናቸው።

«አባባ፣ እባክዎ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጡልኝ። ሙዚቃው ሲከፈት ሳይጮኹ፣ እንዲሁ በወትሮ ድምፅዎ ‹ወራጅ አለ› ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ምን ከፋኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ስጮህ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ እንኳ ሳልጮህ ልውረድ» ብለው ገቡ።

ሙክታር መጀመሪያ ትልልቆቹን ስፒከሮች ከፈተ። መስኮቱ ተርገፈገፈ። ይርዳው በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የሚባል ግን የለም። «አጥፋው ወንድሜ» አለ። ቀጥሎ አነስ ያለ አምፕሊፋየር ተሞከረ። ገና ከፍ ሲያደርጉት ዘፈኑ ተሰነጣጠቀ፤ ጆሮ የሚቧጥጥ ጩኸት ሆነ።

«ስፒከሩ ተበላሽቶ ነው?» ሲል ጠየቀ ይርዳው።

«ስፒከሩስ ደህና ነው። አምፕሊፋየሩ ነው አቅም ያነሰው። ከአቅሙ በላይ ሲጎትቱት ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም።»

ይርዳው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው አምፕሊፋየሩን ጠንካራ አድርግልኝ» አለ። «ስፒከሮቹ ግን መጠነኛ ይሁኑ፤ ከፊትም ከመሃልም ከኋላም አከፋፍላቸው። ፊት ያለው ሳይደነቁር ኋላ ያለው እንዲሰማ።»

ሙክታር እንደተባለው አገናኘና ከፈተው። የክራሩ ክር አንድ በአንድ ተለየ፤ የዘፋኟ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ቀጭን ድምፅ ከኋላ መጣ፤ «ወራጅ አለ።» ይርዳው ፊቱ በራ። ሙክታርም ራሱን ነቅንቆ «አጃኢብ ነው!» አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስሸጥ ‹ምን ያህል ይጮሃል?› ያላለኝ የለም። ‹ምን ያህል ያሰማኛል?› ብሎ የመጣ ግን አንተን አየሁ።»

እኔ ይህን ሰው የማደንቀው ለዚህ ነው። እንጀራው ሊቀር አፋፍ ላይ ቆሞ እንኳ ያሰበው ከኋላ ስላለው ሰው ነው።

ጓደኞቹማ መሳቂያ አደረጉት። «ይርዳው፣ ታክሲ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?» እያሉ ሲያልፉት እሱም «ዝም አይነቅዝም» እያለ ይስቃል። እትዬ የሺመቤት ግን አልሳቁም።

«በገንዘቤ ዝምታ ገዛህልኝ?» አሉት።

«እትዬ፣ ስነዳ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ከኋላዬ ያለውን ሰው የማየው በጆሮዬ ነው። እሱን ከደፈንኩት ማንን ይዤ እንደምሄድ አላውቅም።»

«ንግግርህስ ያምራል፤ ወንበር ግን አይሞላም። ነገ ራሴ ተሳፍሬ አየዋለሁ።»

እንዳሉትም በማግስቱ ተሳፈሩ። ክፉ አጋጣሚ ሆነና በየፌርማታው ወጣቱ ሁሉ የይርዳውን ታክሲ እያለፈ ቤዝ ወዳለው ሮጠ። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ከጥቂት ተሳፋሪ በቀር ባዶ የሆነውን ወንበር እያዩ ገበያው በር ደረሱ።

«በቃ ይርዳው፣ አይቻለሁ» አሉ ሲወርዱ። «ዛሬ ስትገባ ቁልፉን አስረክበኝ።»

ረዳቱ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋና ጣሪያውን በመዳፉ መታ። «ሳበው!» አለና ሂሳብ ሊቀበል ወደ ውስጥ ዞረ። ከኋላ ያለው ታክሲ ‹ቶሎ በል› ብሎ ክላክስ አደረገ። ይርዳው ፍሬኑን ለቀቀ፤ መስኮቷ ክፍት፣ ሙዚቃዋ እየተሰማ መኪናዋ ቁልቁለቱን ጀመረች።

በሩ ግን የእትዬ የሺመቤትን ነጠላ ጫፍ ይዞ ነበር። ነጠላው አንገታቸውን አነቃቸው። ሁለት ሦስት እርምጃ ከመኪናዋ ጋር ሮጡ፤ ተደናቀፉ። ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ የምታህል ድምፅ ናት።

«ይር...»

መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ይርዳው ዘሎ ወረደና በሩን ከፍቶ ነጠላውን ከአንገታቸው ፈታ። እትዬ የሺመቤት አስፋልቱ ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከዋል።

«እትዬ! የኔ እናት! ተረፉ?» አላቸው።

አንገታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩት።

«ሰማኸኝ?»

«ሰማሁዎት።»

«እኔ እንኳ ራሴን አልሰማሁም» አሉና አለቀሱ።

የቁልፉን ነገር ዳግመኛ አላነሱትም። ይልቅ በየደረሱበት «የኔ አንበሳ» እያሉ ያወሩለት ጀመር። ወሬው ሲዛመት አዛውንቱ፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ ስልክ ማውራት የፈለገው ሁሉ የይርዳውን ታክሲ መጠበቅ ጀመረ። ቆይቶ ወጣቱም መጣ፤ ለካ ዘፈኑ ምን እንደሚል ሰምቶት አያውቅም ነበር!

ወዳጆቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ ስፒከር እንድትገዙ አይደለም። አቅም ያለው ሰው ጉልበቱን ሁሉ ለመሰማት አይጨርሰውም፤ ለመስማት ያስተርፋል። የሰው ልጅ ሥልጣን ሲያገኝ፣ ሀብት ሲያገኝ፣ የቤት አባወራ ወይም እመቤት ሲሆን ድምፁ ይጎላል። ድምፁ ሲጎላ ደግሞ በዙሪያው ያለው ሰው ደስተኛ ሆኖ ዝም ያለ ይመስለዋል። ማን ያውቃል፣ ያቺ ያልሰማት ቀጭን ድምፅ አንድ ቀን የራሱ ትሆን ይሆናል።

እስቲ ዛሬ ራሳችሁን ጠይቁ፤ በቤታችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ድምፁ ቀጭን የሆነው ሰው ማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችሁትስ መቼ ነበር?