ማውሱን የያዘው መስታወት

ጆሮ ላለው ሰው አንዲት ትንሽ ተረት አለችኝ፤ ርዝመቷ ከክንድ አይበልጥም።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ወንድሟ ናሁሠናይ ታሞ፣ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሞተ። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ጨዋታ ሳይጨርስ ቀርቷል፤ በጨዋታው የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ መንገደኛ ቤቱ ሊገባ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆሟል። ትርንጎ የፈለገችው ይህን ብቻ ነው፤ መንገደኛውን ቤቱ ማስገባት።

በአርባው ማግስት ተቀምጣ ማውሱን ገፋችው። ተንገጫገጨና ቆመ።

«ማውስ ሆይ፣ ሂድልኝ» አለችው።

«አልሄድም፤ መስታወቱ ይይዘኛል።»

ናሁሠናይ ማውሱን የሚነዳው በመስታወት ምንጣፍ ላይ ነበር፤ እንዲያንሸራትት ፊቱ ስስ ልባስ የለበሰ። መስታወት ሆይ፣ ልቀቀው፤ ማውሱ አይሄድም፣ መንገደኛው አይገባም። መስታወቱ አልለቅም አለ። መሀሌ ላይ ልባሴ ተልጧል፣ ልባሱን ጠይቂ አላት።

ልባስ ሆይ፣ ተመለስ፤ መስታወቱ አይለቅም፣ ማውሱ አይሄድም፣ መንገደኛው አይገባም። ልባሱ አልመለስም አለ። አሮጌው ሳይፋቅ አዲሱ አይይዝም፣ አሸዋውን ጠይቂ አላት።

አሸዋው ያለው መስታወት ቆራጩ ጋሽ ደንበሩ ዘንድ ነው፤ በነፋስ እየረጩት መስታወት ላይ አበባ ያወጡበታል። አሸዋ ሆይ፣ ፋቅ፤ ልባሱ አይመለስም፣ መስታወቱ አይለቅም፣ ማውሱ አይሄድም፣ መንገደኛው አይገባም። አሸዋው ያለ ጌታዬ አልነሳም አለ።

ጋሼ፣ ይነሱልኝ፤ አሸዋው አይፍቅም፣ ልባሱ አይመለስም፣ መስታወቱ አይለቅም፣ ማውሱ አይሄድም፣ መንገደኛው አይገባም። ጋሽ ደንበሩ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ብዙ አዩት። ልጁ ሲጫወት እጁ ወዴት ነበር የሚሄደው ብለው ጠየቋት። ግራና ቀኝ፣ አለች። በተላጠው ጭረት ላይ ጣታቸውን አስኬዱ።

«የሟች ዕቃ ነው» አሏት በኋላ። «እናትሽ ሳትፈቅድ አልነካውም። ጭረቱን ግን ደህና አድርገሽ እዪው።»

እማዬ፣ ፍቀጂልኝ፤ ጋሽ ደንበሩ አይነሱም፣ አሸዋው አይፍቅም፣ ልባሱ አይመለስም፣ መስታወቱ አይለቅም፣ ማውሱ አይሄድም፣ መንገደኛው አይገባም። እናቷ መስታወቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ይሄ የተላጠው የልጄ እጅ የዋለበት ነው። አሸዋ አላስነካውም።»

ልጇ ከሞተ ወዲህ፣ አቧራ እንዳያርፍበት ብላ፣ የኩራዝ ብርጭቆ እንደሚወለወለው በየጠዋቱ በአመድና በሎሚ ትወለውለው ነበር።

ትርንጎ ጭረቱን አየችው። ግራና ቀኝ የሄደ አልነበረም። ክብ ነው፤ ክብ በክብ ላይ። የእናቷን እጅ ይዛ በተላጠው ላይ አኖረችው። ልክክ አለ።

«የኔ ነው እንዴ?» አለች እናቷ።

«ያንቺ ነው፣ እማዬ።»

እናቷ መስታወቱ ላይ አለቀሰች። እንባዋን አልወለወለችውም።

«ውሰጂው» አለች።

እናቷ ፈቀደች፣ ጋሽ ደንበሩ ተነሱ፣ አሸዋው ፋቀ፣ ልባሱ ተመለሰ፣ መስታወቱ ለቀቀ፣ ማውሱ ሄደ። መንገደኛው የቀረችውን ስንዝር ተራመደ።

እናቷ ከኋላ ቆማለች። ስክሪኑን ለማየት አልደፈረችም።

«ገባ?»

«ገባ።»

«በሩን ዝጊለት እንግዲህ፤ ይበርደዋል።»

እኔም ተረቴን እዚያው በር ላይ ትቻት መጣሁ።