ሐጂ ሙህየዲን አልነቅልም ያሉት ቱቦ

በግንብ በታጠረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከታችኛው በር አጠገብ፣ ሐጂ ሙህየዲን የሚባሉ የናፍጣ መኪና ጠጋኝ ነበሩ። ዋና ደንበኛቸው አምስት ሚኒባሶች ያሉት አብዱልባሲጥ ነው። አንድ ማለዳ ዳገት ላይ የሚታፈን መኪና ይዞ መጣ። ሐጂ ሞተሩን ከፍተው አዩት። ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቱቦ በጥቀርሻ ተደፍኗል።

«ሐጂ፣ ይንቀሉትና ቀዳዳውን በላሜራ ይድፈኑልኝ። የአምስቱንም እንዲሁ ያደርጉልኛል።»

«አይሆንም ልጄ። ይህ ቱቦ የሞተሩን እሳት ያበርዳል። ሲነቀል እሳቱ ይግላል፣ ደረት የሚጎዳው ጋዝም ይበዛል። ይልቅ ላጽዳልህ።»

«ጋዙ እንደሆነ አይታይ! እንዲያውም ጥቁሩ ጭስ ይቀንሳል ብለውኛል።»

«የከፋው እሱ ነው። ቢታይማ ሰው ይሸሸው ነበር።»

አብዱልባሲጥ ተቆጥቶ ሄደ። የአምስቱንም ቱቦ ሌላ ጋራዥ ወስዶ አስነቀለ። የሐጂ ደጃፍ ጭር አለ። «እኚህ ሰው ግትርነታቸው ጦም ሊያሳድራቸው ነው» ተባለ። ሐጂ ሰብር አድርገው ቻሉት።

እረፍት የነሳቸው ሌላ ነው። ለቀትሩ የዙህር ሶላት ሲያልፉ ሚኒባሶቹ ሞተራቸው ሳይጠፋ በሩ ሥር ተሰልፈው ያያሉ። ከጎናቸው ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው ይስላሉ። «እኔ እምቢ ብያለሁ፤ ለእነሱ ምን ፈየደላቸው?» አሉ በልባቸው።

ሐሙስ ጠዋት የመፍቻ ሣጥናቸውን ተሸክመው ሚኒባስ ተራው ድረስ ሄዱ።

«አብዱልባሲጥ፣ አንዷን ከነተነቀለው ዕቃዋ ስጠኝ። ክፍያ አልፈልግም። ጸድቶ ተገጥሞ ዳገቱን ካልወጣች መልሰህ ንቀለው።»

አብዱልባሲጥ ሽማግሌን በሰው ፊት እምቢ ማለት አፍሮ ሰጣቸው። ሐጂ እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጠው እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ጥቀርሻውን ሲፍቁ ዋሉ። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጠቆረ። መኪናዋ ሰው ሞልታ ዳገቱን ሳትታፈን ወጣች።

አብዱልባሲጥ አቀርቅሮ፣ «ሐጂ፣ ወንጀሉ የእኔ ነበር። እርስዎን ምን አደከመዎት?» አለ።

«ልጄ፣ የአላህን ባሮች ትንፋሽ የሚጎዳውን እያወቅሁ ዝም ካልኩ፣ ወንጀሉ የእኔም ነው።»

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ የቀሩት አራቱ ሚኒባሶች ቱቧቸው እንዲመለስላቸው በሐጂ ደጃፍ ቆሙ።

ብዙዎቻችን ከሐራም እጃችንን ስንሰበስብ ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል። አየሩ ግን የጋራ አማና፣ የሁላችን አደራ ነው። ንጹሕ እጅ ይዞ ቤት መቀመጥ ለዚያች ሳል ለያዛት ቲማቲም ሻጭ አይደርስላትም።