«አድን» የምትል ቁልፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ኮምፒውተር ነበረው፤ የሚያስተምረው ግን አልነበረውም፤ መምህሩ እሱ ራሱ ነበርና።

ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፣ እታፈራሁ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞሽ ሦስት ወር መድኃኒት ወሰድሽ፤ ሳሉ ለቀቀሽ፣ ክብደትሽም ተመለሰ። ባለፈው እሑድ በጉባኤ ፊት ቆመሽ «ድኛለሁ» አልሽ፤ ሕዝቡም እልል አለልሽ። ስትወጪ አንዲት እህት በር ላይ ያዘችሽና «ከዳንሽ ታዲያ ኪኒኑ ምንድነው? እግዚአብሔርን መጠራጠር አይሆንም?» አለችሽ። ሐኪሙ ግን ገና ሦስት ወር ይቀርሻል ብሎሻል። አሁን አንቺ ልተወው ወይስ ልቀጥል፣ ብቀጥልስ ምስክርነቴ ውሸት ሊሆን ነው ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። የሰውየውን ነገር ስሚና ራስሽ ፍረጂ።

ሰውየው ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ በአጥቢያው ሽማግሌ የነበረ ሰው ነው። ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታው። አንደበቱ ተመለሰ፤ እግሩም እያነከሰ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን ታጥፋ ቀረች። ምእመናን ጸለዩለት፤ እሱም እንዳንቺው ተነሥቶ «ድኛለሁ» አለ። ያከመችው ሐኪም የላስቲክ ኳስ ሰጥታ በየቀኑ እየጨበጠ እንዲለቅ ነግራው ነበር። ኳሱን ለጎረቤት ልጆች ሰጣቸው። የዳነ እጅ በኳስ ምን ያደርጋል አለ። እጁ ግን ይህን ስብከት አልሰማችም፤ ጭኑ ላይ እንደታጠፈች ተቀመጠች።

በዚያ ወራት የሚያሳስበው ሌላ ጉዳይ ነበር። በአጥቢያው እማማ ዘርትሁን የሚባሉ አረጋዊት ነበሩ፤ በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ዕድሜ ልካቸውን ሠርተዋል። ማንበብና መጻፍ አያውቁም። ነገር ግን አንሶላ እያጠቡ ያወጧቸው አርባ መዝሙሮች ነበሯቸው። ግማሹን ጉባኤው ይዘምረዋል፤ ግማሹን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም፤ አንዱም በወረቀት አልሰፈረም። እርሳቸው ደግሞ ሰማንያን አልፈዋል፤ አንዳንድ ቀን ጀምረውት ስንኙ መሐል መንገድ ላይ ጥሏቸው ይሄዳል። መምህሩ እኔ እጽፋቸዋለሁ ብሎ ተነሣ። በግራ እጁ ብዕር ይዞ ሲሞክረው፣ ተማሪ ቢያመጣለት ዜሮ የሚሰጠው ዓይነት ጽሑፍ ወጣ። ማተሚያ ቤት የምትሠራ ልጁ ይህን አይታ፣ መሥሪያ ቤቷ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አመጣችለት። ባትሪ የሌለው፣ በመብራት ብቻ የሚሠራ ነው።

ልጁ ሦስት ምክር በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችለት። ሻይ ከኪቦርዱ አጠገብ አታስቀምጥ። ሳትዘጋው ከሶኬት አትንቀለው። አንድ አንቀጽ በጻፍክ ቁጥር «አድን» የሚለውን ተጫን። ፕሮግራሙን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው «አስቀምጥ» ማለት ሲችል «አድን» ብሎ ነው የጻፈው፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰባኪ ሳይሆን አይቀርም። መምህሩ ወረቀቱን አንብቦ ሁለት የፊደል ግድፈት አረመና ከአሥር ስምንት ሰጣት። በሻዩና በሶኬቱ ተስማማ። ወደ ሦስተኛው ሲመጣ፣ እሷው ቆማ እያየች፣ «የእማማ ዘርትሁን መዝሙሮች» ብሎ ርእሱን ጻፈና ቁልፏን አንድ ጊዜ ተጫናት።

«አባዬ፣ በጻፍክ ቁጥር ነው» አለችው።

«አድኜዋለሁ እኮ። አንዴ የዳነ ድኗል። ይህን አንቺ ሳትወለጂ ነው ያስተማርኩት።»

ከአባቷ ጋር ስለ ድነት መከራከር መጨረሻው ምሳ ማሳለፍ እንደሆነ ታውቃለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሥራው ተጀመረ። እማማ ዘርትሁን ጠዋት ጠዋት መጥተው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፤ አንድ ስንኝ ያዜማሉ፤ እሱ በግራ እጁ አንድ ጣት ፊደል ይፈልጋል። ጳጉሜን የሚል ቃል በመጣ ቀን ጳን እስኪያገኛት እርሳቸው አንድ እንቅልፍ ተኝተው ተነሡ። ኮምፒውተሩን አይዘጋውም፤ እንደበራ ያድራል። መብራቱም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳይጠፋ ሰነበተ። ሰውየውን ያሳሳተው ይኸው ነው፤ ጨለማ ብቻ አይደለም ሰው የሚያሳስተው። በዘጠኝ ቀን አሥራ አንድ መዝሙር ጻፈ።

በአሥረኛው ቀን፣ ዐሥራ ሁለተኛውን ጀምሮ ሳለ፣ መብራት ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ከፍቶ አየ። ርእሱ አለ። ከርእሱ በታች ነጭ ነው።

ልጁ ተጠርታ መጣች። ፈለገች፤ አገላበጠች፤ በመጨረሻ ወንበሩን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ልትቆጣው ትችል ነበር፤ አልተቆጣችም።

«አባዬ፣ ማሽኑ አልካደህም። በመጀመሪያው ቀን ከሰጠኸው አንድ ፊደል እንኳ አልጣለም። ከዚያ በኋላ የጻፍከውን ግን አልሰጠኸውም።»

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። በሦስተኛው ቀን እያነከሰ ወደ እማማ ዘርትሁን ቤት ሄደና እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሞ ተናዘዘ። ሴትዮዋ ጨርሶ እስኪነግራቸው ጠበቁት።

«ስንት ዓመት አንሶላ እንዳጠብኩ ታውቃለህ?» አሉት። «አንሶላ አንዴ ታጥቦ ያልቃል ያለኝ ሰው የለም። ሰው ይተኛበታል፤ ታጥባለህ። ቁጭ በል፣ ልጄ፤ ከመጀመሪያው እንጀምር።»

ጀመሩ፤ ከአሥራ አንዱ አሥሩ ሙሉ በሙሉ ተመለሱ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን የመጨረሻዎቹ አራት ስንኞች ከእማማ ዘርትሁን አፍ ጠፉ። ያን ቀን ፈለጓቸው፤ በማግሥቱም ፈለጓቸው፤ አልመጡም። መምህሩ ቦታቸውን ባዶ ተወው። ከቸልተኝነቱ የከፈለው ይህን ነው፤ ቀላል አይደለም።

አሁን ያደረገውን ልብ በይ። በግራ እጁ ቀኟን አንሥቶ ማውሱ ላይ አስቀመጣትና የሥራ ድርሻ ሰጣት። ጻፊ አላላትም። ግራው ስንኝ በጨረሰች ቁጥር፣ አንቺ «አድን» የሚለውን ትጫኚያለሽ፤ ከዚያ ሌላ ሥራ የለሽም አላት። በመጀመሪያው ቀን ግንባሩ በላብ ታጥቦ ሦስት ጊዜ ብቻ ተጫነች። በሁለተኛው ሳምንት በቀን አርባ ጊዜ ተጫነች። ጣቷ ቀስ እያለች መዘርጋት ጀመረች፤ ቀጥሎ ሁለተኛዋ ተከተለቻት። አንድ ጠዋት ሳያስበው የሻይ ብርጭቆ በቀኙ አነሣ። ሐኪሟ አይታ ኳሱን እንደሚጨብጥ እርግጠኛ ሆና አመሰገነችው፤ እሱም በሐቀኝነት፣ አይ፣ መዝሙር ነው የጻፍኩት አላት።

ከዓመት በኋላ የልጁ ማተሚያ ቤት መጽሐፉን አወጣው። ሠላሳ ዘጠኝ ሙሉ መዝሙር፣ አንድ ደግሞ አራት መሥመር ባዶ ያለበት። በጉባኤው ፊት መምህሩ የመጀመሪያውን ቅጂ በቀኝ እጁ ይዞ ወጣና ለእማማ ዘርትሁን ሰጣቸው። እርሳቸው ገልብጠው ይዘው ከፍ አደረጉት። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሲያርም የኖረው ሰው አላረማቸውም። እኔ ትዕቢትን እየነቀፍኩ ብዙ ጊዜ ሰብኬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ልብሴ ለደረቴ አልበቃ ብሎ ነበር፤ ንስሐም አልገባሁበትም።

እንግዲህ፣ እታፈራሁ፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። እሑድ «ድኛለሁ» ያልሽው እውነት ነው፤ የሰጠሽውን ያህል ተይዟል፤ አንድ ፊደል አልወደቀም። ነገር ግን ከእሑድ ወዲህ ሰኞን ኖረሻል፤ ማክሰኞን ኖረሻል፤ ተንፍሰሻል። ይህም መሰጠት አለበት። ለሳንባሽ የሚሰጠው በኪኒኑ ነው፤ ለነፍስሽ በጸሎትሽ። ሰው «አድን»ን ደጋግሞ የሚጫነው የፊተኛው ስላልያዘ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ስለጻፈ ነው። ሳል ለቀቀኝ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ዘጠኝ ቀን መብራት አልጠፋም ብሎ የሚዝናና ሰው ነው። ሲጠፋ ደግሞ፣ አየሽ፣ የማይመለስ ስንኝ አለ።

ያቺ እህት ደግማ በር ላይ ብትይዝሽ አትከራከሪያት። ጤና ጣቢያ የሰጡሽን ካርድ አውጥተሽ አሳያት። የጣቢያው ነርስ ኪኒኑን በዋጥሽ ቀን ሁሉ ምልክት አድርጋበታለች፤ ዘጠና ምልክት አለው። ቀና ብለሽ «ምስክርነቴ ይኸው ነው፤ ገና እየተጻፈ ነው» በያት። አሁን ተነሺ፤ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ ዘጠና አንደኛውን አስደርጊ።