የእትዬ ይፍቱስራ አንባቢ

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ክፉ ወሬ ሊያደርስ ሲል፣ ከዳር አንዱ በአንዲት አባባል አፉን ያስይዘዋል። አዲስ መጦች ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች ይመስላቸዋል። አይደለችም። ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ነበርኩ፤ ምክንያቷም እኔ ነኝ።

እትዬ ይፍቱስራ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከኛ ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ ፈታይ ነበሩ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የቀራቸው አንድ ልጅ፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው ይሁኔ ብቻ ነው። ፊደል ስላልቆጠሩ መልእክቱን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። እኔም ብሆን የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ስልክ መጠገን የተማርኩት የሞተ ስልክ ፈትቼ፣ ይብስ አበላሽቼ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው። ስለዚህ ይሁኔ አዲስ ስልክ ገዝቶ «የሺ፣ ይህችን ስልኩ ውስጥ የምትናገረዋን ለእምዬ አስተካክይላት፤ ሁልጊዜ አንቺን ከምታስቸግር» ሲለኝ ኩራቴ ጣሪያ ነካ።

ሁለት ቀን ለፋሁባት። መልእክት በገባ ቁጥር ሳትነካ ጮክ ብላ የምታነብ፣ ድምጿ የለሰለሰ፣ ልክ እንደ ልጃቸው «እምዬ» ብላ የምትጠራቸው አደረግኳት። እትዬ ይፍቱስራ እንዝርታቸውን እያሾሩ ያዳምጧታል፤ ስትጨርስ «ተባረኪ» ይሏታል።

ሰፈሩ ግን ፊት ነሳት። የእድራችን ዳኛ አያ ቢተው አንድ ቀን ዘንጋቸውን ተደግፈው ስልኩ ላይ አጎነበሱ።

«አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«እኔ የስልክዎ ረዳት ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«መታዘዙን ማን ጠየቀሽ? አባትሽ ማነው?»

«ይቅርታ፣ ጥያቄዎ አልገባኝም።»

«በይ እንግዲህ!» ብለው ወደኔ ዞሩ። «አባቷን የማታውቅ ቤት አስገብተሽ የሰው ምስጢር ታስነብቢያለሽ?»

«አያ ደግሞ! የወፍጮ ቤቱ ሞተር አባቱ ማነው? ዱቄቱን ይበሉ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሽማግሌ መርታቴን ሳወራ ወር ከረምኩ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የመኪናው ባለቤት ለአያ ቢተው ደወለ። ይሁኔ ሚሌ አካባቢ ተገልብጦ ሞቷል። አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ይደርሳል።

መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። የንስሐ አባት ይቀድማሉ። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ሐዘንተኛዋ ፊቷን እንዳትቧጭር፣ ራሷን ከግድግዳ እንዳታጋጭ። አንዷ ስለት ያለውን ሁሉ ቀስ ብላ ከቤት ታወጣለች። እትዬ ይፍቱስራ ደም ግፊት ስላለባቸው ነርስም አብራ እንድትገባ ተባለ። አያ ቢተው ቤት ተቀምጠን ይህንን ሁሉ ለማግስቱ ንጋት ተከፋፈልን።

«ስልኩስ?» አሉ አያ ቢተው።

«እሱን ለኔ ተዉት» አልኩ።

ስሄድ እትዬ ይፍቱስራ ደጃፋቸው ላይ ይፈትላሉ።

«የሺዬ፣ ፊትሽ ምን ሆነ? አሞሻል?»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው፣ እትዬ።»

«ስልክ ስትጎረጉሪ ታድሪና! አግቢ ብዬሻለሁ፤ ባል ያስተኛሻል።»

እንደ ምንም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ስልካቸውን ተቀብዬ ጥሪ እንዳይገባ ዘጋሁት። ጥሪውን ብቻ። መልእክቱን አልዘጋሁም። ዓመታት የእሳቸውን መልእክት ያነበብኩት እኔ ነኛ! ቢመጣም እኔው ጋ የሚመጣ መሰለኝ። አንባቢያቸውን በሌላ የተካሁት ራሴ መሆኔ ከሐሳቤ ጠፋ። እኔ ብሆን ደግሞ አላነበውም ነበር። ዓይኔ ቀድሞ ያየውን ምላሴ ይውጠው ነበር። አንድ ጊዜ ይሁኔ ተጋጭቶ አዋሽ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «ደህና ነኝ ብሏል፣ ጭነት ዘግይቶበት ነው» ብዬ እስኪድን አቆይቻቸዋለሁ።

አሥር ሰዓት ግድም፣ እኛ ድንኳኑ የት ይተከል ስንባባል፣ ሚሌ ያለ አንድ ሹፌር እስካሁን ተነግሯቸዋል ብሎ አስቦ መልእክት ላከ። ከአጥር ማዶ ልብስ ስታጥብ የነበረችው ጎረቤታቸው ውዴ እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች።

«እምዬ፣ አዲስ መልእክት መጥቷል። እናታችን፣ የወንድማችንን የይሁኔን ነፍስ በገነት ያኑርልን። እግዚአብሔር ያጽናዎት። መልእክቱ አልቋል። መልስ ልጻፍ?»

«ምን አልሽ?»

ደገመችላቸው።

«ማንን?»

አሁንም ደገመችላቸው። በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ ሳትቸኩል፣ ሳይተናነቃት። ውዴ እጇን ከሳሙና አውጥታ፣ አጥሩን ዞራ እስክትደርስ አራት ጊዜ አስደግመዋታል። አምስተኛውን አልጠበቁም፤ ብድግ ብለው ወደ ደጅ ሲሮጡ ከድንጋዩ ደረጃ ወደቁ።

እኛ ስንደርስ ውዴ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ፈትሉ እግራቸው ላይ ተጠምጥሟል። ዳሌያቸው ተሰብሮ መንቀሳቀስ አልቻሉም፤ ግንባራቸው ይደማል። ስልኩ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ «እምዬ፣ መልስ ልጻፍ?» ይላል።

በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታል አስገባናቸው። በማግስቱ ይሁኔ መጣ። አስለቃሿ «እናቱ የታለች፣ ትቅረብ ትየው» ብላ ሙሾ አወረደች። አንድ ልጃቸውን እናቱ በሌለችበት ቀበርነው። እትዬ ይፍቱስራ ዛሬም ከአልጋ አልወረዱም። ስጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «የልጄን ሳጥን ነክተሽልኛል?»

በሠልስቱ የይሁኔ አጎት ያንን ስልክ ይዞ ወጣ፤ ድንጋይ ላይ ሊፈጠፍጠው። ከድንኳኑ ተነስቼ ፊቱ ቆምኩ።

«እሱን ተወው፤ ያዘጋጀሁትም የረሳሁትም እኔ ነኝ። የምትመታ ከሆነ እኔን ምታኝ።»

ሰው አጉረመረመ። «ድሮስ ምላሷ!» ያለችም ነበረች። አያ ቢተው ተነስተው ስልኩን ከሰውየው እጅ ወሰዱት።

«ይህ ምን ያውቃል? የተጻፈለትን አለ፤ አንድ ቃል አልዋሸም» አሉ። «ይፍቱ ስትወድቅ ግን በምኑ ይያዛት?»

ስድብ እየጠበቅኩ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን አጠገቤ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ፤ ያኔ ነው እሳቸው ላይ የተደገፍኩት። እንዳልወድቅ ደግፈው ይዘውኝ፣ ለኔም ለድንኳኑም እንዲህ አሉ፦ «እጅ የሌለው መርዶ አይንገር።»