ዳኛ ሊቀይር ድንበር የተሻገረው አባት

አንድ አባት ነበረ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ፣ ልጁን ከዓይኑ ብሌን አብልጦ የሚወድ አባት። ስሙን ዘርጋው እንበለው። ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ተለያዩ፤ የስምንት ዓመቷ ኤልዳና ከማን ጋር ትኑር የሚለውን ጉዳይ የዚያው አገር ዳኛ ያዘው። ዳኛው ጎረቤት ጠየቀ፤ አስተማሪዋን ጠየቀ። ዘርጋው ሲቆጣ ቤቱ ምን እንደሚሆን ሁሉም መሰከሩ። ፍርዱ ወዴት እንደሚያጋድል ገባው።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ልጁን ባቡር አሳፈራት። "አያትሽን ጠይቀን እንመለሳለን" አላት። ድንበሩን ተሻገሩ፤ ድሬዳዋ ገቡ። አልተመለሱም።

እዚያስ እረፍት አገኘ? ከየት ያመጣዋል! በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሳል። ባጃጅ ደጃፉ ላይ ሲቆም በመስኮት ያያል። አስካለ ስትደውል ስልኩን ያጠፋል። በስድስት ሳምንት ሦስት ቤት ቀየረ። ኤልዳና ደግሞ ልብሴን ከሻንጣ አላወጣም አለች። "አባዬ፣ ነገ ነው የምንሄደው?" ትለዋለች። "ነገ" ይላታል። በማግስቱም "ነገ" ይላታል።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ ታየው። "የሚያውቀኝ ዳኛ ከሚፈርድብኝ የማያውቀኝ ይፍረድልኝ" ብሎ ለከተማው ፍርድ ቤት አመለከተ።

ዳኛዋ መዝገቡን አነበቡና ቀና አሉ።

"ልጅዎ የት ነው የምትማረው?"

"ጅቡቲ።"

"ጓደኞቿ፣ ሐኪሟ፣ እናቷስ?"

"እነሱም ጅቡቲ። ግን እኮ ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔም ልጄም ኢትዮጵያውያን ነን!"

"ዜግነታችሁን አልጠየቅሁም፤ የልጅቷን ኑሮ ነው የጠየቅሁት። ኑሮዋን የሚያውቁት እዚያ ናቸው፤ ጉዳዩንም የጀመረው የዚያ ፍርድ ቤት ነው። ይህ ችሎት ሥልጣን የለውም።"

ከችሎት ሲወጣ ኤልዳና እጁን ያዘችና ሽቅብ አየችው።

"አባዬ፣ ማንን ነው የምንፈራው?"

ሕፃን ልጁን ፍርሃት ያስተማራት እሱ ራሱ ነበር።

በዚያው ሳምንት ይዟት ተመለሰ። አስካለ በሩን ስትከፍት ልጇን አቅፋ ወደ ቤት አስገባቻት። እሱም ያ የሚያውቀው ዳኛ ፊት ቆሞ፣ "ሳልጠይቅ ወሰድኋት። ስለ ቁጣዬ የተነገረውም እውነት ነው" አለ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተወሰነ፤ ለእሱ በሳምንት አንድ ቀን ተፈቀደለት። አንድ ቀን ብቻ! አንዱንም ሳምንት ግን አላስተጓጎለም።

ወገኖቼ፣ ዘርጋው ሩቅ ሰው መሰላችሁ? ወንድሜ፣ ሚስትህን አስከፍተህ ነገሩን ለማን ነው የምትነግረው? የቤትህን ጉድ ለማያውቅ ጓደኛህ! እሱም "እውነትህን ነው" ይልሃል። እህቴ፣ ከእናትሽ ልጅ ተጣልተሽ ማን ዘንድ ሄድሽ? ያንቺን ወገን ብቻ ከሚሰማ ዘንድ! ድንበር ሳንሻገር ስንት ዳኛ ቀየርን? እኛ ዳኛ ስናማርጥስ በመካከል የሚንገላታው ማነው? ልጆቻችን አይደሉም?

እስቲ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የበደላችሁት ሰው ዘንድ ሂዱ። ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። እሱ ይናገር፤ እናንተ ስሙ። ጌታም የሚጠብቃችሁ እዚያው ነው።