የወለላ ዜሮ

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ ወንበር ያጣ መሬት ይበቃዋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንዲት ዜሮ ነው። ዜሮ ደግሞ ምን ወሬ አላት እንዳትሉ፤ ይቺኛዋ ስንቱን ሰው ከተቀመጠበት አስነሥታለች።

ልጅቷ ወለላ ትባላለች፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዝምተኛ ናት፤ ግን ዓይኗ ያየውን ነገር አላየሁም አታስብሏትም። አንድ ማክሰኞ ቤተ ሙከራ ገብታ የመዳብ ሽቦ መዘነችና ደብተሯ ላይ «4.50 ግራም» ብላ ጻፈች። ሐሙስ ጠዋት ደብተሩ ሲመለስላት የመጨረሻዋ ዜሮ በቀይ ተሰርዛለች። ከጎኗ «ያላየሽውን አትጻፊ» የሚል ሰፍሯል።

የወለላ ፊት እንደ ፍም ጋለ። ያንገበገባት የተቀነሰው ማርክ አይደለም። በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪዋ መምህር ይመር፣ በደሴ ከተማ ለሚደረገው የሳይንስ ውድድር የሚሄደውን ተማሪ ስም ለርእሰ መምህሩ ይሰጣሉ። በመለካት ከክፍሉ የሚቀድማት አልነበረም። አሁን ግን ቁጥር ፈጣሪ ተብላለች፤ ቁጥር ፈጣሪን ደግሞ ማን ውድድር ይልካል?

«መምህር፣ ዜሮዬን ይመልሱልኝ» አለች አጠገባቸው ቆማ።

መምህር ይመር ክፉ ሰው አይደሉም፤ በቁጥር ነገር ግን ዋዛ አያውቁም። «ስሚ ልጄ፣ የክፍላችን ሚዛን ከነጥብ በኋላ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። 4.5 ይልና ያበቃል። መሣሪያው ያልነገረሽን ዜሮ ለማሳመር ብለሽ ከጨመርሽ ዋሸሽ ማለት ነው። ጉልህ አኃዝ እያልኩ ወር ሙሉ የለፈለፍኩት ምን ነበር?»

«እኔ በክፍሉ ሚዛን አልመዘንኩም። ወረፋው ሲረዝም እትዬ እንግዳወርቅ በአዲሱ ሚዛን መዝኚ አሉኝ። እሱ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ዜሮዋን በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«እኔ አላየኋትም። ሚዛኑን በዓይኔ ካላየሁ ዜሮሽን አልመልስም።»

ወለላ ወጣች። መምህር ይመር ሚዛን ካላዩ ዜሮ አይመልሱም፤ ያለ ዜሮ ደግሞ ደሴ የለም።

በዕረፍት ሰዓት ወደ ወይዘሮ እንግዳወርቅ ሮጠች። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናቸው፤ ጠርሙስ እያጠቡ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ መምህር ይመር ሚዛን ካላዩ ዜሮዬን አይመልሱልኝም። እባክዎ ሚዛኑን ያውጡልኝ።»

«ውይ የኔ ልጅ! የሰጠሁሽስ እኔው ነኝ። ዛሬ ጠዋት ደብተርሽን ሲያርሙ አይቼ ይህንኑ ብነግራቸው ‹ቃል አይመዘንም› ብለው መለሱኝ። ግን ትናንት የሚዛኑ ጠረጴዛ ሲጎተት አንድ እግሩ ተሰበረ። ባዘመመ ጠረጴዛ ላይ ያ ሚዛን ቁጥሩ እንደ ፌንጣ ይዘላል። እንዲያ ሲዘል ቢያዩት አንቺም ታፍሪያለሽ፣ እኔም አፍራለሁ። ጠረጴዛው ካልቀና ሚዛን አላወጣም።»

እንግዲህ እትዬ እንግዳወርቅ ጠረጴዛ ካልቀና ሚዛን አያወጡም፤ መምህር ይመር ሚዛን ካላዩ ዜሮ አይመልሱም፤ ያለ ዜሮ ደግሞ ደሴ የለም።

አናጺው ጋሽ መኳንንት ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥላ ሥር እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ጣውላ ይልጋሉ። ያ እርሳስ የተሰካበት ጆሮ ታዲያ ብዙም አይሰማም።

«ጋሽዬ፣ እትዬ እንግዳወርቅ ጠረጴዛ ካልቀና ሚዛን አያወጡም፤ መምህር ይመር ሚዛን ካላዩ ዜሮ አይመልሱም፤ ጠረጴዛውን ያቅኑልኝ!»

«ማነው የማይመልሰው?»

ወለላ ጮክ ብላ እንደገና ከመጀመሪያው ደገመችላቸው። ጋሽ መኳንንት መላጊያውን አስቀመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግሩን መሥራት ለኔ ምን አላት? ግን በዓይን ግምት ቀና ነው ብዬ ሚዛን አላስቀምጥበትም፤ ውኃ ልክ ያስፈልገኛል። ውኃ ልኬን ደግሞ ሰይድ ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ወስዶብኛል። ውኃ ልኬ ካልመጣ ጠረጴዛ አላቀናም።»

ውኃ ልክ ማለት ያቺ ውስጧ አረፋ ያለባት፣ አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም ነገሩ ቀጥ ማለቱን የምትናገር ዕቃ ናት።

ግንበኛው ጋሽ ሰይድ የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ወጥተው ነበር። ወለላ ከሥር አንጋጣ፣

«ጋሽ ሰይድ፣ ጋሽ መኳንንት ውኃ ልክ ካላገኙ ጠረጴዛ አያቀኑም፤ እትዬ እንግዳወርቅ ጠረጴዛ ካልቀና ሚዛን አያወጡም፤ መምህር ይመር ሚዛን ካላዩ ዜሮ አይመልሱም፤ ውኃ ልኩን ይስጡኝ!» አለች በአንድ ትንፋሽ።

ጋሽ ሰይድ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። በግንበኛ ማንኪያቸው ወደ መስኮቱ ቀዳዳ ጠቆሙ። «ይሄን አፉን የከፈተ ታያለሽ? የመስኮቱ ብረት መጣ፣ አልገባም፤ መለስነው። ይኸው አራት ቀኔ ነው ሥራ ከቆመ። ብረቱ በመጣ ሰዓት በውኃ ልክ ነው የማቆመው፤ ያኔ ዕቃውን ፍለጋ አልዞርም። መስኮቱ ካልቆመ ውኃ ልክ ከእጄ አይወጣም፣ ወላሂ!»

«ብረቱን ማነው የሚሠራው?»

«ዘምዘም ናት፣ በያጇ። ኩርፊያዋን ከቻልሽው ሂጂ።»

በምሳ ሰዓት ወለላ ምሳዋን ትታ ወደ ከተማ ወረደች። ዘምዘም በኮምቦልቻ ብረት በያጆች መሐል ብቸኛዋ ሴት ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ደጇ ላይ የተደገፈውን የተመለሰ መስኮት እንደ ደመኛ ታየዋለች።

«እትዬ ዘምዘም» አለች ወለላ፣ «ጋሽ ሰይድ መስኮት ካላቆሙ ውኃ ልክ አይሰጡም፤ ጋሽ መኳንንት ውኃ ልክ ካላገኙ ጠረጴዛ አያቀኑም፤ እትዬ እንግዳወርቅ ጠረጴዛ ካልቀና ሚዛን አያወጡም፤ መምህር ይመር ሚዛን ካላዩ ዜሮ አይመልሱም፤ እባክሽ መስኮቱን ሥሪልኝ።»

«ልሥራ? በምን ልክ?» ዘምዘም ቱግ አለች። «ሰይድ 121 ሴንቲ ነው አለኝ። በ121 ሠራሁ፣ አልገባም ተባልኩ። አናጺው በጣውላ ለክቶ 118 ገደማ ነው አለኝ። ‹ገደማ› ምንድን ነው? 118 ከምን? ግማሽ ሴንቲ ይተርፈዋል ወይስ ይጎድለዋል? ብረት ‹ገደማ› አያውቅም። ሚሊሜትሩን አይቶ የሚነግረኝ ሰው ካልመጣ አንዲት ዘንግ አልቆርጥም!»

ወለላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። በልቧ ሁሉንም ቆጠረችው። እትዬ ዘምዘም ልክ ካላገኘች መስኮት አትሠራም፤ ጋሽ ሰይድ መስኮት ካላቆሙ ውኃ ልክ አይሰጡም፤ ጋሽ መኳንንት ውኃ ልክ ካላገኙ ጠረጴዛ አያቀኑም፤ እትዬ እንግዳወርቅ ጠረጴዛ ካልቀና ሚዛን አያወጡም፤ መምህር ይመር ሚዛን ካላዩ ዜሮ አይመልሱም። እንባዋ መጣ። መጥቶ ግን ሳይወርድ ቀረ፤ አንድ ነገር ትዝ ብሏታል። ዘምዘም የጠየቀችው እሷ የማትችለውን ነገር አይደለም። የጠየቀችው መለካት ነው።

ብድግ አለች። «እኔ ለክቼ እመጣለሁ።»

ዘምዘም ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አንቺ?»

«እኔ። ሚሊሜትሩን ጭምር።»

«አብሽሪ ታዲያ፣ እጠብቅሻለሁ» አለች ዘምዘም፤ ድምጿ ትንሽ በረደ።

ወለላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በሩጫ ተመለሰች። የጋሽ ሰይድን ሜትር ተቀብላ መስኮቱ ቀዳዳ ላይ ዘረጋች። 121 አለ። ልክ ጋሽ ሰይድ እንዳሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ይህንኑ ይዞ ይሄድ ነበር። እሷ ግን የወዲያኛውን ጫፍ ብቻ አይታ ማመን አልሆነላትም፤ ጎንበስ ብላ የወዲህኛውንም አየች። የሜትሩ አፍንጫ የለም! ተቆርጦ ወድቋል፤ የመጀመሪያው መስመር የሚጀምረው ከሦስት ነው።

«ጋሽ ሰይድ! ሜትርዎ ሦስት ሴንቲ ጎድሎታል!»

ጋሽ ሰይድ ከግድግዳው ወረዱ። አዩ። ግንባራቸውን በሲሚንቶ እጃቸው መቱት። «ያ አላህ! ዘምዘምን ያስረገምኩት በዚህ ነው?»

ሜትሩ ካልታመነ ልክ አይገኝም፤ ልክ ካልተገኘ መስኮት አይሠራም፤ መስኮት ካልቆመ ውኃ ልክ አይሰጥም፤ ውኃ ልክ ከሌለ ጠረጴዛ አይቀናም፤ ጠረጴዛ ካልቀና ሚዛን አይወጣም፤ ሚዛን ካልታየ ዜሮ አይመለስም። ሌላ ሜትር ደግሞ በአቅራቢያው የለም።

ወለላ ግን ሜትሩን አልጣለችም። የተቆረጠውን ጫፍ ትታ አሥር ቁጥር ላይ ያለውን መስመር ከግድግዳው ጥግ አጋጠመች። «ጋሽ ሰይድ፣ ይቺን እንዳትነቃነቅ ይያዙልኝ» ብላ ማዶውን ስታነብ 128 ላይ አረፈ፤ ሚሊሜትሩ አንዲትም አላለፈም፣ አንዲትም አልጎደለም። አሥሩን ቀነሰች። ላዩን ለካች፣ መሐሉን ለካች፣ ታቹን ለካች። ሦስቱም አንድ። እጇ መዳፍ ላይ ጻፈችው።

ዘምዘም ገና ከሩቅ ስታያት ተነሣች። «ስንት?»

«118.0።»

«ነጥብ ዜሮ አልሽ?»

«አዎ። ሦስቴ አይቻለሁ። ትርፍ የለውም፣ ጉድለትም የለውም።»

ዘምዘም መነጽሯን ዓይኗ ላይ አወረደች። «ተባረኪ! አራት ቀን ሙሉ ሲያቅበዘብዘኝ የከረመው የዚህች ዜሮ ነገር ነው። ግማሽ ሴንቲ ለመግቢያ እተውለትና እቆርጠዋለሁ። ወደ ኋላ በይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ!»

የብረቱ ብልጭታ ደጁን ሞላው።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ቁልቁለት እንዳገኘ ድንጋይ ተንከባለለ። ዘምዘም ልኩን አግኝታ መስኮቱን ሠራች፤ ሐሙስ ሳይመሽ ራሷ በጋሪ አስጭና መጣች። ዓርብ ጠዋት መስኮቱ ቀዳዳው ውስጥ ግጥም ብሎ ገባ፤ ጋሽ ሰይድ አቆሙት፣ ውኃ ልኩን ሰጡ። ጋሽ መኳንንት ውኃ ልኩን አገኙ፣ የጠረጴዛውን እግር ቀየሩ፣ አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ አለች። እትዬ እንግዳወርቅ ጠረጴዛው ቀናላቸው፣ ሚዛኑን አወጡ። የቀሩት መምህር ይመር ብቻ ናቸው።

መምህር ይመር መጡ። ክፍሉ በሙሉ ተከትሏቸው መጣ። ጋሽ ሰይድና ጋሽ መኳንንትም በር ላይ ቆሙ፤ ዘምዘምም ገንዘቧን ልትቀበል መጥታ ልጅቷን ሳታይ መሄድ አልሆነላትም።

ወለላ ሽቦውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። ጣቷ ሽቦውን ገና አልለቀቀም፤ ቁጥሩ ይዋልላል። 4.52። 4.49። አንዱ ተማሪ ከኋላ «ወይኔ» አለ። ወለላ እጇን አነሣች፤ አንድ እርምጃ ራቀች። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ቁጥሩ ረጋ።

4.50።

መምህር ይመር ቀረብ አሉ። ሽቦውን አንሥተው ራሳቸው መልሰው አስቀመጡት። 4.50። እንደገና። 4.50። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«ስሙ» አሉ። «ሃያ ዓመት ሳስተምር ያላያችሁትን አትጻፉ እላለሁ። ትናንት ግን እኔ ራሴ ሳላይ ሰረዝኩ። ይቺ ዜሮ ባዶ አይደለችም። ‹እዚህ ድረስ አይቻለሁ፣ ሌላ የለም› የምትል ምስክር ናት። ጥፋቱ የኔ ነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ወለላ፣ ደብተርሽን አምጪ።»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በቀይ እስክሪብቶ ዜሮዋን ጻፏት፤ ከሌሎቹ ቁጥሮች እጥፍ አድርገው፣ ክብ አድርገው። ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ፤ የደሴው ተወዳዳሪ ስም የሚሞላበት መስመር ገና ባዶውን ነበር። ሁሉም እያየ «ወለላ» ብለው ሞሉት።

ቤተ ሙከራው በጭብጨባ ተናጋ። ዘምዘም እልል አለች፤ ጋሽ ሰይድ በማንኪያቸው በሩን ደበደቡ። እትዬ እንግዳወርቅ «ሚዛኑን! ሚዛኑን እንዳታንቀጠቅጡብኝ!» እያሉ በሁለት እጃቸው ከለሉት። ጋሽ መኳንንት ብቻ ጆሯቸውን ወደ ወለላ አዘንብለው፣ «መለሱልሽ እንዴ?» አሉ።

«መለሱልኝ፣ ጋሽዬ!» ብላ ጮኸች፤ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ግቢው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ።

የኔም ወሬ እዚህ ላይ ሞላ። ለነገረኝ ሰው ጤና፣ ለሰማችሁኝ ዕድሜ ይስጥልኝ።