ፎክር የተባለው ወታደር

ሻለቃ ጦሩ ግማሽ ሰዉን አጥቶ ከምሽግ የወረደው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ከዋናው መምሪያ የመጡት ጄኔራል ሰልፉን ሲጎበኙ፣ አንድ ወታደር ፊት ቆሙ።

«አንተ፣ እስቲ ፎክር! ከፎከርክ ሞራላችሁ ደህና ነው፤ ዛሬውኑ ወደ ምሽጉ ትመለሳላችሁ። እምቢ ካልክ ፈሪ ነህ፤ ትታሰራለህ።»

ወታደሩ ቆመው የሚያንቀላፉ ጓዶቹን አየ። ቢፎክር እነሱን ማስጨረሱ ነው።

«ጌታዬ፣ በእኛ አገር ከዘመቻ የተመለሰውን አብልተው ያስተኙታል፤ የሚፎክረው ገና የሚሄደው ነው። እርስዎ ፎክረው ይውጡ፤ እኛ ‹በለው!› እያልን እንሸኝዎታለን።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ጄኔራሉ መኪናቸው ውስጥ ገቡ፤ ሻለቃ ጦሩም ለዕረፍት ወደ ኋላ ተላከ።

የዋናው መምሪያ ሬዲዮ ሠራተኛ ኋላ እንደተናገረው፣ የዕረፍቱ ትእዛዝ ለጄኔራሉ የደረሳቸው ሰኞ ነበር። ማክሰኞ የመጡት ፉከራ አምሯቸው ነው።